ለ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ ቴሌግራም ልጠቀም ነው፤ የተማሪዎቹን ደህንነት እንዴት ልጠብቅ? (ባሕር ዳር)

ደንገል_ዳር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ መምህራን። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተማሪዎቹ በጣና ዳር ያለውን ደንገልና እምቦጭ እያዩ ፎቶ የሚያነሡበት፣ ማስታወሻ የሚይዙበት የቡድን ሥራ አለ። የንባብ ወረቀቱን፣ ጥያቄና መልሱን፣ ፎቶውንም በቴሌግራም ግሩፕ ላድርገው ብዬ ርዕሰ መምህሩን ሳማክር «መጀመሪያ ሥርዓቱን ጽፈሽ አምጪ» አሉኝ።

አንዳንዶቹ ተማሪዎች የሚገቡት በእናት ወይም በአባት ስልክ ነው፤ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩም አሉ። ሴቶቹ ከማያውቁት ሰው በውስጥ መስመር መልእክት እንደሚደርሳቸው ለክፍል ኃላፊዎች ይናገራሉ። የግሩፑ ሊንክ ደግሞ ከክፍሉ ውጭ መውጣቱ አይቀርም። ግሩፕ ልክፈት ወይስ የተሻለ መንገድ አለ? ሴቲንጉስ ምን ላይ ይሁን? ችግር ቢፈጠር መጀመሪያ ምን ይደረጋል?

ፖሊ_ሰፈር

መምህርት፣ ግሩፑን ይተዉትና ቻናል ይክፈቱ። በግሩፕ ውስጥ እያንዳንዱ አባል የሌላውን ስምና ፎቶ ያያል፤ ስሙን ነክቶ በውስጥ መስመር ይጽፋል። አንድ እንግዳ ሰው በሾለከ ሊንክ ከገባ የክፍሉን ልጆች በሙሉ ተዘርዝረው ያገኛቸዋል ማለት ነው። በቻናል ግን የአባላቱን ዝርዝር የሚያየው አድሚኑ ብቻ ነው። ግሩፕ ላይም አባላትን መደበቅ ይቻላል የሚሏችሁ አሉ፤ እሱ የሚሠራው አባላቱ ከ100 ሲበልጡ ስለሆነ ለአንድ ክፍል አይጠቅምም። በዚያ ላይ የጻፈ ልጅ ስሙ መታየቱ አይቀርም።

ቻናሉን «ፕራይቬት» አድርገው ይክፈቱ። ከዚያ ወደ ኢንቫይት ሊንክ ገብተው አዲስ ሊንክ ይፍጠሩና «ሪኩዌስት አድሚን አፕሩቫል» (ያለ አድሚን ፈቃድ ማንም እንዳይገባ የሚያደርገውን) ያብሩ። ይህን ሲያበሩ «ስንት ሰው ይግባ» የሚለው ገደብ አብሮ አይሠራም፤ ሁለቱን ማጣመር አይቻልምና አይፈልጉት። የሊንኩን ዕድሜ አንድ ቀን ያድርጉት። ሊንኩን በሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ለእያንዳንዱ የቡድን መሪ ይስጡና፣ የመግቢያ ጥያቄ ሲመጣ ስም ጥሪውን ይዘው አንድ በአንድ ይቀበሉ። በአባቱ ስልክ የሚገባ ልጅ የአባቱ ስም ስለሚመጣ፣ ቀደም ብለው በወረቀት ላይ «ይህ ተማሪ በዚህ ስም ይገባል» ብለው ይመዝግቡ። ይህ ወረቀት ከሌለ ማንን እንደተቀበሉ አያውቁትም፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ገብተው ሲያልቁ ሊንኩን ሪቮክ ያድርጉት (ይሰርዙት)። ሪቮክ ማድረግ አዲስ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ የገባውን አያስወጣም፤ ስለዚህ ዝርዝሩን በየሳምንቱ ከስም ጥሪው ጋር ያስተያዩ።

ከቻናሉ ጋር የውይይት ግሩፕ አያገናኙ። ካገናኙት አስተያየት የሰጠ ሁሉ ይታያል፤ የሸሹት ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ጥያቄ በወረቀት ይሰብሰብ፤ እርስዎ የጠያቂውን ስም ሳይጠቅሱ ጥያቄውንና መልሱን ቻናሉ ላይ ይለጥፉ። ዓይን አፋር ልጆች በዚህ መንገድ የበለጠ ይጠይቃሉ። ኩዊዝም መላክ ይችላሉ፤ በቻናል ላይ ማን ምን እንደመለሰ አይታይምና ለመለማመጃ እንጂ ለማርክ አይሆንም።

«ሪስትሪክት ሴቪንግ ኮንቴንት» የሚባል ፎርዋርድና ዳውንሎድ የሚከለክል ቁልፍ አለ። አልመክረውም። የንባብ ወረቀቱን አውርዶ ማተም የሚፈልገውን ልጅ ይከለክላል፤ ክፉ ያሰበን ሰው ግን አይከለክልም፣ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ያነሣዋልና። ውጭ ቢወጣ የሚጎዳ ነገር ከመጀመሪያውም ቻናሉ ላይ አይውጣ፤ የተማሪ ስም ከነውጤቱ ጭምር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

የራስዎን አካውንትም ይቆልፉ። በሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ገብተው «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» (ከመግቢያ ኮዱ ሌላ ፓስወርድ የሚጠይቀው) ላይ ፓስወርድና፣ ፓስወርዱ ቢረሳ የሚያስመልስ ኢሜይል ያስገቡ። «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» ያድርጉት፤ ከሥሩ ብቅ የሚለውን፣ በቁጥሬ ማን ሊያገኘኝ ይችላል የሚለውን ደግሞ «ማይ ኮንታክትስ»። «ዲቫይስስ» ውስጥ የማያውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ያስወጡት፤ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ገብቶ ሳይወጡ መሄድ የተለመደ ነው። «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» ወይም «ነፃ ዳታ አግኙ» የሚል ሊንክ መጥቶ የመግቢያ ኮድ ከጠየቀ ስርቆት ነው። የእርስዎ አካውንት ከተሰረቀ ሌባው ቻናሉንም፣ የልጆቹንም ዝርዝር አገኘ ማለት ነው።

ሽምብጥ_መምህር

በፖሊ ሰፈር ሐሳብ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ልጆቹ በቡድን ሲሠሩ መነጋገር አለባቸው፤ እኛ ካልከፈትንላቸው ማንም አዋቂ የሌለበት ግሩፕ ራሳቸው ይከፍታሉ። ስለዚህ ለየቡድኑ አምስት ተማሪና ሁለት መምህር ያለበት ትንሽ ግሩፕ ሥራው እስኪያልቅ ይከፈት። «አድ ሜምበርስ»፣ «ፒን» እና «ቼንጅ ኢንፎ» የሚሉት ፈቃዶች ይጥፉ። መልእክት መላክ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብቻ ይፈቀድ፤ በራሱ አይዘጋም፣ መምህሩ በእጁ ይዝጋው። ሁለት መምህር የምለው እንዲያው አይደለም፤ አንዱ ሲታመም ወይም ሲዛወር ግሩፑ ያለ ጠባቂ እንዳይቀር፣ ደግሞም በመምህርና በተማሪ መካከል የሚጻፈው ሁሉ ሦስተኛ ዓይን እንዲኖረው ነው። ቻናሉንም ለሌላ መምህር ለማስተላለፍ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ፤ ባለቤትነት ለማስተላለፍ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽኑ ከበራ ቢያንስ 7 ቀን መሙላት አለበት።

ተማሪ በውስጥ መስመር ከጻፈልዎ «በግሩፑ ጠይቅ» ወይም «ነገ በክፍል» ብለው ይመልሱ፤ ሌላ አይጻፉ። ይህ ልጁንም እርስዎንም ይጠብቃል።

አሁን ወደ ጣና ዳር ፎቶው። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ቦታውን በፋይሉ ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይወገዳል፤ «ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን እንዳለ ይሄዳል። ልጆች ደግሞ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለው በፋይል መላክ ይወዳሉ። መፍትሔው ከመውጣታቸው በፊት የካሜራውን ሴቲንግ ከፍቶ «ሎኬሽን ታግ» የሚለውን ማጥፋት ነው። የቦታው መረጃ ለሥራው የሚያስፈልግ ከሆነ በወረቀት ይጻፍ። በፎቶው ውስጥ ፊት አይግባ፣ የትምህርት ቤቱ ስም ያለበት ዩኒፎርም አይግባ፣ ስም የተጻፈበት ደብተርም አይግባ። ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ የእምቦጩ ያበጠ አገዳ፣ ለመጠን ማሳያ ከጎኑ የተቀመጠ ማስመሪያ ይበቃል። ደግሞ ፎቶው የሚላከው ከሐይቁ ዳር ከተመለሱ በኋላ ነው። «አሁን እዚህ ነን» የሚል ፎቶ አምስት ልጆች ያለ አዋቂ የት እንዳሉ ለማያውቁት ሰው ይነግራል።

ምክር_ክፍል

ስለ ችግሩ ቅደም ተከተል ልመልስ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተጣድፎ ማስረጃ ያጠፋል።

አንዲት ተማሪ መጥፎ መልእክት ደረሰኝ ስትል መጀመሪያ ስክሪንሾት ይነሣ። በቴሌግራም የግል ውይይት ውስጥ ማንኛውም ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ የላከው ሰው ከደነገጠ በደቂቃ ውስጥ ምንም አይቀርም። ስክሪንሾቱ መልእክቱን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የላኪውን ፕሮፋይልና ዩዘርኔም ማሳየት አለበት። ስም ብቻ አይበቃም፤ ስም በማንኛውም ጊዜ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ሪፖርት ማድረግ፣ ቀጥሎ ብሎክ ማድረግ። ነገሩ በግሩፕ ውስጥ ከሆነና ከጠፋ፣ አድሚኑ «ሪሰንት አክሽንስ» ውስጥ የጠፋውን መልእክት ያገኘዋል፤ የሚቆየው ግን 48 ሰዓት ብቻ ነው። ዓርብ ማታ የተከሰተን ሰኞ ጠዋት ብትፈልጉት የለም።

ምስሉ የልጅ የእርቃን ምስል ከሆነ ደንቡ ይለያል። ለማስረጃ ተብሎም ቢሆን ለዳይሬክተር፣ ለክፍል ኃላፊ፣ ለማንም ፎርዋርድ አይደረግ፣ ስክሪንሾትም አይነሣ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን እንዲህ ያለ ድርጊት ይመለከታል፤ ማሰራጨትም ውስጡ ነው። ስልኩ እንዳለ ይቀመጥና ከወላጅ ጋር ወደ ፖሊስ ይሂድ። ዛቻና ስም ማጥፋት ደግሞ አንቀጽ 13 ላይ አለ።

ልጅቷን «ለምን መለስሽለት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስልኳንም አትቀሟት። ስልክ የተቀማች ልጅ ሁለተኛ አትናገርም፤ ጓደኞቿም ከእሷ አይተው ዝም ይላሉ። በሥርዓቱ ላይ የሚነገርለት ሰው በማዕረግ ይጻፍ፦ የሥርዓተ ፆታ ተጠሪ ወይም የምክር አገልግሎት መምህር፣ ቢያንስ አንዷ ሴት። ቤት ተከራይተው ለሚማሩት ወላጅ ቅርብ ስላልሆነ፣ ከተማ ውስጥ የሚጠራ ዘመድ ማን እንደሆነ በምዝገባው ወረቀት ላይ ይያዝ።

ደንገል_ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቻናሉንም ትንንሾቹን ግሩፖችም ሁለት መምህር ሆነን እንይዘዋለን፤ የውስጥ መስመሩንም ደንብ በጽሑፍ አስገባለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ፦ ምንም ስልክ የሌላቸውስ? በእናቱ ስልክ የሚገባውስ ቢሆን እናቱ የምትፈርመው ምን ይሁን?

ፖሊ_ሰፈር

ስልክ የሌለው ልጅ ምንም እንዳይቀርበት ቻናሉ ላይ የወጣው ሁሉ በማግሥቱ ጠዋት ታትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ፋይሉም በፍላሽ አይሲቲ ክፍል ይቀመጥ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ በቴሌግራም ብቻ የተቀመጠ ትምህርት በእንዲህ ያለ ጊዜ ለማንም አይደርስም። ማርክ ያለው ሥራ በወረቀት ይሰብሰብ። ፎቶውን በአንድ ቡድን አንድ ስልክ ካነሣ በቂ ነው።

የፈቃድ ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በአማርኛ ይሁን፣ ማንበብ ለማይችል ወላጅ በወላጆች ስብሰባ ላይ ይነበብ። ቻናሉ ለምን እንደተከፈተ፣ አድሚኖቹ እነማን እንደሆኑ፣ መቼ እንደሚዘጋ፣ ልጁ በማን ስልክና በምን ስም እንደሚገባ ይጻፍበት። «አልፈቅድም» የሚል ሳጥን ይኑረው፤ ያልፈቀደ ወላጅ ልጅ በሰሌዳውና በፍላሹ ይከታተላል፣ ማርኩም አይነካም። ስልኩ የእናት ከሆነ ደግሞ ለእናትየው አሳዩአት፦ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ በሞባይል ዳታ የሚደረገውን አውቶማቲክ ዳውንሎድ አጥፉላት። ካርዷ በሁለት ቀን ሲያልቅ ልጇን ከቻናሉ የምታስወጣው እሷ ናትና።