ቤት ውስጥ መሣሪያ እያለ ሰው በከባድ ድብርት ሲያዝ ምን ይደረጋል?

ጠያቂ፦
የመሣሪያ ነገር ሲነሳ አንዱ «ችግሩ መሣሪያው ነው» ይላል፣ ሌላው «የአእምሮ ሕመም ነው» ይላል። የሁለቱም ክርክር ስለ ሕግ ነው። የእኔ ጥያቄ ስለ አንድ ቤት ነው። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ ባለበት ቤት አንዱ ድብርት ጠንቶበት «መኖር ሰልችቶኛል» ማለት ከጀመረ፣ ቤተሰቡ ዛሬውኑ ምን ያድርግ? መደበቅ ይበቃል? ለሌላውስ ሰው ያሰጋል?

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
መደበቅ አይበቃም። የተደበቀ ነገር የት እንዳለ ልጆች እንኳ ያውቃሉ። የሚሻለው መሣሪያው ለጊዜው ከቤት ቢወጣ ነው፤ ሕጉ ወደሚፈቅድለት ዘመድ ወይም የሚቀበል ከሆነ ወደ ፖሊስ ጣቢያ። አስቀድማችሁ ግን ደውላችሁ ጠይቁ። ፈቃድ ለሌለው ሰው በአደራ መስጠት የሚያስቀጣበት አገር አለ፤ መሣሪያ ይዞ ጣቢያ ድንገት መግባትም አደጋ አለው።

ይህን ያህል የምንጨነቀው ወደ ድርጊቱ የሚገፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ስለሆነ ነው። ሐሳቡ ለወራት ቢቆይም ያቺ ክፉ ሰዓት ታልፋለች። ሞክረው ከተረፉት አብዛኞቹ ኋላ ራሳቸውን አያጠፉም። የእስራኤል ጦር እ.ኤ.አ. በ2006 ወታደሮች ለሳምንት መጨረሻ እረፍት መሣሪያ ይዘው ወደ ቤት እንዳይሄዱ ካደረገ በኋላ፣ በወጣት ወታደሮቹ መካከል ራስን ማጥፋት ወደ 40 በመቶ ቀንሷል።

የተኩስ አሰልጣኝ፦
ማውጣት ካልተቻለ፣ መሣሪያ መያዝ የሚያውቅ ሰው ያራግፈው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር፣ ጣት ቃታ አይንካ። ቅደም ተከተሉን አትሳቱ፤ በመጀመሪያ ካርታው (ጥይቶቹ የሚደረደሩበት መያዣ) ይወጣል፣ ቀጥሎ ማቀባበያው ወደ ኋላ ይሳባል፣ በመጨረሻ ጥይት የሚጎርስበት ቦታ በዓይንም በጣትም ይፈተሻል። ካርታው ሳይወጣ ከተቀባበለ የጎረሰው ጥይት ይወጣና ሌላ ይጎርሳል። ከዚያ ካርታው ሲወጣ መሣሪያው ባዶ ይመስላል፤ ሰው የሚሞተው እንዲህ ባለው «ባዶ» መሣሪያ ነው።

የኬብል ቁልፍ ጥሩ ነው፤ በውስጡ ስለሚያልፍ መሣሪያው ጥይት ሊጎርስ አይችልም። ቃታ ላይ የሚታሰረው ቁልፍ ግን ጥይት ባለው መሣሪያ ላይ በፍጹም አይደረግም፤ ሲታሰር ቃታውን ሊገፋው ይችላል። ጥይቱ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ደግሞ ይህን ነው፤ የታመመው ባለቤቱ ራሱ ከሆነ የካዝናውን ኮድ ያውቃል፣ ትርፍ ቁልፍም አለው። ኮዱ ይቀየር፣ ትርፉ ቁልፍ ይሰብሰብ።

መሣሪያው እጁ ላይ ካለ ግን ለመንጠቅ አትታገሉ። ራቅ ብላችሁ የአደጋ ጊዜ ስልክ ደውሉ፣ መሣሪያ መኖሩንም ንገሯቸው።

የሕግ ባለሙያ፦
ስለ ሌላው ሰው ለተጠየቀው፦ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው አብዛኞቹ በማንም ላይ ጉዳት አያደርሱም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች ከ26,000 በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ለሌላው የሚያሰጋውን ሰው ከምርመራ ወረቀቱ ይልቅ ጠባዩ ያሳውቃል፤ ያለፈ ድብደባ፣ የትዳር ጓደኛን ማስፈራራት፣ ከባድ መጠጥ። የኮኔክቲከት ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ሕግ ፍርድ ቤት የአደጋ ምልክት አይቶ መሣሪያን ለጊዜው እንዲያስይዝ ይፈቅዳል። «ለጊዜው» የምትለዋ ወሳኝ ናት። ፈቃዱን ለዘለዓለም የሚነጠቅ የሚመስለው ሰው ሐኪም ዘንድ አይሄድም።

ጠያቂ፦
ለራሱ እንዴት ይነገረዋል? መቼስ ይመለስለታል?

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
«ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ቀጥሎ «እስኪሻልህ እኔ ላስቀምጥልህ» በሉት። በስውር ከተወሰደበት ማመን ይተዋል፤ በራሱ ፈቃድ ካስረከበ ሕክምናውንም ይቀበላል። ስለመመለሱ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ እንጂ ፊቱ ስለፈካ ብቻ አትስጡት። በተለይ ሆስፒታል ተኝቶ ከነበረ፣ ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉም የሚያሰጉ ናቸው፤ መሣሪያው ያን ጊዜ ቤት አይግባ።