«ሳይቱ ሴት አይሰማም» አሉን እኮ!

ቢጫ ሄልሜት፦
እስካሁን አልበረደልኝም። ሰሞኑን ስለ ሥራ ላይ ደህንነት በተደረገ አንድ ውይይት ላይ አንድ የግንባታ ፕሮጀክት ማናጀር፣ ሴቶች በሴፍቲ ሙያ ለምን ወደ ኃላፊነት አይመጡም ተብለው ተጠየቁ። ምን አሉ መሰላችሁ? «እናበረታታለን፣ ሪፖርት አያያዛቸው በጣም ጥሩ ነው፣ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሳይቱ ሴት አይሰማም።» አዳራሹ ሳቀ። ያጨበጨበም ነበር። ሳይት ጆሮ አለው እንዴ? የማይሰማው ማነው፣ ክሬኑ ነው? የማይሰማው ስም ያለው ሰው ነው፤ ደመወዙን የሚከፍሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ፎርማን ነኝ፦
ሰውዬው እውነት ተናገሩና ተወገዙ። እህቴ፣ ሳይት ማለት ጩኸት ነው። ሚክሰሩ ይጮኻል፣ ቫይብሬተሩ ይጮኻል፣ ሰዉ ይሰዳደባል። እዚያ መሃል «እባክህ ቤልትህን እሰር» የምትል ልጅ ማን ይሰማታል? ንቀት አይደለም፣ ያለውን መናገር ነው።

ቦይለር ቤት፦
«እባክህ» ማለቷን ከየት አመጣኸው? እኛ ፋብሪካ ያለችው ሴፍቲ «እባክህ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። መከለያው የወለቀ ማሽን ካየች ታጠፋዋለች፣ ትቆልፈዋለች፣ ቁልፉን ኪሷ ከታ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ጩኽ እንግዲህ።

ፎርማን ነኝ፦
ፋብሪካና ሳይት አንድ አይደለም። ፋብሪካ ግድግዳ አለው፣ ሰዉም ቋሚ ነው። ሳይት ላይ በየሳምንቱ አዲስ ሰው ነው የሚመጣው።

የሌሊት ሺፍት፦
ሁላችሁም «አይሰማም» ላይ ተጣበቃችሁ፣ እኔን ያንገበገበኝ ግን «ሪፖርት አያያዛቸው» የሚለው ነው። ወጥመዱ እዚያ ጋ ነው ያለው። እኔና አንድ ልጅ አንድ ቀን ተቀጠርን፣ ዲግሪያችንም አንድ ነው። እሱ አደገኛ ሥራ እንዲጀመር ፈቃድ ይፈርማል፣ ሰው ታንክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጋዝ ይለካል፣ ከባድ ዕቃ ሲነሳ ቆሞ ያያል። እኔ ለአዲስ ሠራተኛ ኢንዳክሽን እሰጣለሁ፣ የአደጋ መዝገብ እሞላለሁ፣ የአይሶ 45001 (የዓለም አቀፉ የሥራ ደህንነት መለኪያ) ኦዲት ሲመጣ ፋይል አደራጃለሁ። «ጽሑፍሽ ያምራል» ተብዬ ነው እንግዲህ። የሴፍቲ ማናጀሩ ቦታ ሲከፈት ምን ተባልኩ? «የፊልድ ልምድ ያንስሻል።» ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ማንም ታንክ ውስጥ እንዳይገባ የሚለውን ፕሮሲጀር የጻፍኩት እኔ ነኝ። መለኪያውን እንድይዝ ግን አንድም ቀን አልተሰጠኝም።

ቢጫ ሄልሜት፦
ይኸው! መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ ያስቀምጡሻል፣ ከዚያ ቢሮ ውስጥ ነበርሽ ብለው ይጥሉሻል።

ጭምት፦
እኔም ሴት ነኝ፣ በሙያው ውስጥም ነኝ፣ ግን ማናጀሩን እንደ ሰይጣን መሳላችሁ አልተመቸኝም። እኔ ሳይቱን ትቼ ወደ ሥልጠናና ወደ ኦዲት የገባሁት ፈልጌ ነው። ማንም አልገፋኝም። የደህንነት ሥራ ሁሉ ስካፎልድ (የግንባታ መወጣጫ) ላይ መንጠልጠል ነው ያለው ማነው? ፋይል የሚያዝ ሥራን እናንተው ናችሁ የናቃችሁት።

የሌሊት ሺፍት፦
ፋይል አልናቅኩም፣ አንብቢ። መርጠሽ ከገባሽበት ጎሽ። እኔ አልመረጥኩም።

የላብ እህት፦
ይሄ ነገር ዛሬ አልተጀመረም። አሊስ ሃሚልተን የምትባለው አሜሪካዊት ሐኪም እየዞረች የእርሳስ ብረት (ሊድ) ፋብሪካዎችን ውስጣቸውን ያየች፣ ሠራተኛው በምን እየተመረዘ እንደሆነ ያወጣች ሰው ናት። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1919 የመጀመሪያዋ ሴት መምህርት አድርጎ ሲቀጥራት የመምህራኑ ክበብ እንዳትገባ፣ በምርቃት ሰልፍ እንዳትሄድ ተነግሯት ነው። በ1935 ጡረታ ስትወጣም ያው ረዳት ፕሮፌሰር ነበረች። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ስለ ሥራ ላይ መመረዝ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር? «ዕድገት» የሚሉት ነገር ግን እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ቦይለር ቤት፦
ሐኪም ናት እኮ፣ ሴፍቲ አይደለችም። አትቀላቅሉ።

የላብ እህት፦
ሠራተኛው የሚተነፍሰውን አየር መለካት ሴፍቲ ካልሆነ ምንድነው? ያው ሥራ ላይ ደህንነት ሲባል ሄልሜት ብቻ የሚታያችሁ ሰዎች አላችሁ። በሽታ ቀስ ብሎ ስለሚገድል አይቆጠርላችሁም። ሌላ ልጨምርልህ፦ ብሪታንያ ሴት የፋብሪካ ተቆጣጣሪ መቅጠር የጀመረችው በ1893 ነው። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ሉሲ ዲን አስቤስቶስ የሚባለው እሳት የማይበላው ማዕድን ብናኝ ሠራተኛውን እየጎዳ ነው ብላ በ1898 ሪፖርት ላይ አስፍራለች። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብናኙ እንደ መስተዋት ስብርባሪ የሾለ መሆኑን ጭምር። የመጀመሪያው የአስቤስቶስ ደንብ የወጣው በ1931፣ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999።

ፎርማን ነኝ፦
ኧረ ተመስገን! ራስሽ መሰከርሽልኝ። አልተሰማችም ማለት ነዋ። ሰውዬው ምን አሉ ታዲያ?

የላብ እህት፦
ጎበዝ። ያልሰማት ግን «ሳይቱ» አልነበረም። ትርፍ የሚያገኝበት ባለፋብሪካና ሕግ የሚያወጣው ክፍል ነው ያልሰማት። ሳንባው ያለቀው ሠራተኛ አብዛኛው ደግሞ ወንድ ነበር። አለመሰማቷ ማንን ጎዳ?

ቢጫ ሄልሜት፦
ፎርማን ነኝ፣ መልስ እየጠበቅን ነው።

ፎርማን ነኝ፦
እራት ላይ ነኝ።

አጥር ላይ፦
ከማንም ወገን አይደለሁም፣ ያየሁትን ልናገር። አንድ ሳይት ላይ አብሬያት የሠራኋት ሴፍቲ ኦፊሰር ስካፎልድ ላይ «አትውጡበት» የሚል ቀይ ታግ ሰቀለች። የመሃሉ መደገፊያ ብረት ወልቋል፣ ዕቃ እንዳይንሸራተት ጠርዝ ላይ የሚቆመውም ሳንቃ የለም። እሷ ዞር ከማለቷ ፎርማኑ መጣና ታጉን በጥሶ ኪሱ ከተተው፤ «ዛሬን ብቻ» አለ። ልጆቹ ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ላይ የሳይቱ ኃላፊ ታጉን ከፎርማኑ ተቀበለና ለእሷ መልሶ ሰጣት። «የሰቀለችው እሷ ናት፣ የምታወርደውም እሷ ናት፤ ሌላ ሰው የነካው ቀን እቃውን ይዞ ይሂድ» አለ። ሌላ ነገር አላለም። ከዚያ ወዲያ ታግ ሲነካ አላየሁም።

ፎርማን ነኝ፦
በላሁ፣ መጣሁ። እና ኃላፊው ወንድ ነው አይደል? ወንድ ሲናገር ተሰማ። ሳይቱ ሴት አይሰማም። አራት ነጥብ።

ቢጫ ሄልሜት፦
ወንድ ስለሆነ ሳይሆን ኃላፊ ስለሆነ ነው! ወንድ ሴፍቲም ቢሆን ማናጀሩ ከኋላው ካልቆመ ታጉን ይበጥሱበታል። ሺህ ጊዜ አይተናል። ሥራ የማስቆም ሥልጣን ወረቀት ላይ ለሁሉም ተጽፏል፣ ኮንክሪት መኪናው ተሰልፎ ሲጠብቅ ግን ማን ከጎንህ እንደሚቆም ነው ጥያቄው። ስለዚህ ማናጀሩ «ሳይቱ አይሰማም» ሲል የራሱን ጉድ እያወራ ነው። ሳይቱ የሚሰማው እሱን ነው፣ እሱ ደግሞ አልተናገረም።

አጥር ላይ፦
ልክ ነሽ፣ ግን ፎርማኑም ትንሽ እውነት አለው። እሷ ራሷ ከዚያ በፊት ስንቴ ተናግራ ነበር።

ዝም አልልም፦
«ትንሽ እውነት አለው» እያልን ነው እዚህ የደረስነው። የራና ፕላዛን ታስታውሳላችሁ? ባንግላዴሽ፣ እ.ኤ.አ. 2013። ሕንጻው በሚደረመስበት ዋዜማ ተሰነጠቀ። ከታች ያሉት ሱቆችና ባንክ ተዘጉ። የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ፈርተናል እያሉ በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ሴቶች። እዚያ ያልተሰማው ማን ነበር? ሰው የማይሰማ አለቃ ካለ ሴፍቲ ኦፊሰሯ ጮኸች አልጮኸች ምን ይለውጣል።

ጭምት፦
እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የሞቱት ሠራተኞች ናቸው፣ እኛ ስለ ሙያተኞች ዕድገት ነው የምናወራው። ሐዘንን ለክርክር አትጠቀሙበት።

ዝም አልልም፦
ሌላ አይደለም። በ1911 ኒው ዮርክ ትራያንግል ፋብሪካ ሲቃጠል 146 ሰው ሞተ፣ በር ተቆልፎባቸው፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች። ፍራንሲስ ፐርኪንስ ቆማ አይታዋለች። ከዚያ በፋብሪካ ምርመራው ሠራች፣ በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች፣ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር። ሠራተኛውና ሙያተኛዋ እንዲህ ነው የሚገናኙት።

ቦይለር ቤት፦
ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን ወደ ምድር እንውረድ። ሴት ሴፍቲዎች ራሳቸው የሚለብሱትን አይታችኋል? አንድ ሳይዝ ነው የሚገዛው። ከፍታ ላይ ሲሠራ የሚታጠቁት ሃርነስ ደረቷ ላይ ይላላል፣ ጓንቱ ጣቷን ያልፋል፣ ማስኩ ጉንጯ ጋ አየር ያስገባል። ማስክ ፊት ላይ ካልገጠመ ምን ያጣራል? እሷ ደግሞ ቆማ ስለ ትክክለኛ አለባበስ ታስተምራለች።

ፎርማን ነኝ፦
አሁን ደግሞ ልብስ ጠበበን ሰፋን። ሥራ ላይ ነን እኮ፣ ሠርግ ላይ አይደለንም።

የሌሊት ሺፍት፦
የሰፋ ሃርነስ ሲወድቁ ያሾልካል፣ ወንድሜ። ቁመህ ስታየው ላይገባህ ይችላል።

አጥር ላይ፦
እኔ ወንድ ነኝ፣ አጭር ነኝ፣ ሃርነሱ ለእኔም ጉልበቴ ጋ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ይሄ የሴት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቢጫ ሄልሜት፦
ማንም የሴት ብቻ ነው አላለም። አሜሪካ ለግንባታ ሥራ የሚሰጠው የአደጋ መከላከያ ልብስና ዕቃ ሁሉ በለባሹ ልክ መሆን አለበት ብላ ደንቡን ያጠራችው ገና በ2025 መጀመሪያ ነው። እስከዚያ ድረስ በግልጽ ሳይጻፍ ቆየ። ሲገዛ ያልተጠየቀው ማን ይመስልሃል?

ፎርማን ነኝ፦
እሺ ልጠይቅሽ። ነገ ሴት የሴፍቲ ማናጀር ብትመጣብኝ እሰማለሁ፣ ሥራ የምታውቅ ከሆነች። እኔን የሚያስጠላኝ ፎቶ እያነሳ ለአለቃ የሚልክ ሴፍቲ ነው። ወንድም ይሁን ሴት። ቀርቦ አይናገርህም፣ ከሩቅ ቀጭ ያደርግሃል።

የሌሊት ሺፍት፦
ቀርባ ስትናገርህ «አይሰማም» ነው፣ ፎቶ ስታነሳ አሳባቂ ናት። ምን ታድርግ?

ፎርማን ነኝ፦
ቀርባ ደግማ ትናገር።

ቦይለር ቤት፦
ደግማ ትናገር ይላል፣ ሰው ከአራተኛ ፎቅ ደግሞ ይወድቅ ይመስል።

ጭምት፦
ስድብ ጀመራችሁ፣ እኔ ወጣሁ። ፎቶ ማንሳት ግን ማስረጃ ነው፣ እሱን አትንኩብኝ። ያለ ፎቶ የተላከ ሪፖርት ሁሌም «አልነበረም» ተብሎ ነው የሚመለስልኝ።

ፎርማን ነኝ፦
ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ይነገረኝ ነው ያልኩት። ይህን ማለት ወንጀል ነው?