የትንፋሽ ሴንሰራችን አንዴ ከረጠበ አልመለስ አለ፤ ምን እናድርግ?

የአምስት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን በትንፋሽ እርጥበት ተመርቶ ትንፋሽ የሚቆጥር ማስክ ነው። በዲኤችቲ11 (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የእርጥበት ሴንሰር) ጀመርን፤ ዳታሺቱ ላይ ምላሹ ከ6 እስከ 15 ሰከንድ ይላል፣ እስከዚያ ሰው ብዙ ተንፍሷል። ስለዚህ በማበጠሪያ ቅርጽ የተሠራ የመዳብ ኤሌክትሮድ ላይ ግራፊን ኦክሳይድ (ውሃ የሚስብ የካርቦን ቁስ) ጠብ አድርገን አደረቅን። 5 ቮልት ሰጥተን፣ ከ1 ሜጋኦም ሬዚስተር ጋር አያይዘን በአርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ ቦርድ) እናነባለን። ሲተነፈስበት ንባቡ ወዲያው ይዘላል፤ ሲወርድ ግን ይንቀራፈፋል። ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ከፍ እንዳለ ይቀርና ትንፋሾቹ ይደበላለቃሉ። በዚያ ላይ ክረምት ነው፣ ክፍሉ ራሱ እርጥብ ነው። ዲፌንሳችን ደርሷል፣ እባካችሁ።

ብየዳ ፒያሳ፦
እህቴ፣ ሁለት ችግር ነው የተደራረበባችሁ። አንደኛ ፊልሙ ወፍሯል። ወፍራም ንብርብር ውስጥ የገባ ውሃ ቶሎ አይወጣም። በ2013 የኖኪያ ተመራማሪዎች የግራፊን ኦክሳይድ ሴንሰራቸው በ30 ሚሊሰከንድ አካባቢ የመለሰላቸው ፊልሙ እጅግ ስስ ስለነበረ ነው። ፈሳሹን በዲስትልድ ውሃ በደንብ አቅጥኑና በጠብታ ፈንታ በስሱ ርጩት።

ሁለተኛው ዲሲው፣ ማለትም ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው። ፊልሙ ሲረጥብ ኤሌክትሪኩን በዋናነት የሚሸከሙት ፕሮቶኖች ናቸው፣ ከአንዱ የውሃ ሞለኪውል ወደ ሌላው እየዘለሉ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ከነዳችኋቸው ኤሌክትሮዱ ጋ ይከማቻሉ፣ መዳቡም ይበላል። ሴንሰሩንና ሬዚስተሩን በሁለት ዲጂታል ፒኖች መሃል አድርጓቸው። አንዴ ይኼኛው 5 ቮልት ያኛው ዜሮ፣ ቀጥሎ ተቃራኒው፣ እኩል እኩል ጊዜ። ንባብ ሁልጊዜ ከሁለቱ አቅጣጫዎች በአንዱ ብቻ ውሰዱ።

አርዱይኖ ደግሞ በትክክል ለማንበብ ሬዚስታንሱ ከ10 ኪሎኦም ያነሰ የሲግናል ምንጭ ነው የሚወደው፤ የእናንተ ግን በሜጋኦም ነው። በመሃል ኦፕአምፕ (ደካማ ሲግናልን የሚያጠናክር ቺፕ) አስገቡ። ኤልኤም358 በየሱቁ አለ፣ ግን ግብዓቱ የሚወስደው ከረንት ለሜጋኦም ይበዛል፤ እንደ ኤምሲፒ6002 ያለ ሲሞስ (ግብዓቱ ከረንት እምብዛም የማይወስድ ዓይነት) ፈልጉ።

የመርካቶ ልጅ፦
ግራፊኑን ተዉትና ወረቀት ሞክሩ! በ2016 ሃርቫርድ ውስጥ ወረቀት ላይ የግራፋይት ኤሌክትሮድ አትመው ማስክ ውስጥ በመክተት ትንፋሽ ለክተዋል። ወረቀት ራሱ እርጥበት ይስባል። 6ቢ እርሳስ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት ግዙና ሁለት ወፍራም መስመር አስምሩ።

ብየዳ ፒያሳ፦
ሐሳቡ ያምራል፤ ግን የወረቀቱ ሬዚስታንስ ከዚህም እጅግ ይበልጣል። ያለ ማጉያ አርዱይኖው ምንም አያይም።

ሲስተር ካዛንቺስ፦
ልጆች፣ ግራፊን ኦክሳይዱን ለአፍንጫ ክፍት አድርጋችሁ እንዳታስቀምጡት! ፍቅፋቂው ወደ ሳንባ መግባት የለበትም፤ በማጣሪያ ጨርቁ ውጪ በኩል ይሁን። ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ማስኩ ሲቆጥር አንዳችሁ የደረት እንቅስቃሴ እያያችሁ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩና አስተያዩ። ሲያወሩና ሲያስሉም ሞክሩት፣ ቁጥሩ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

የአምስት ኪሎዋ፦
እግዜር ይስጥልን ሲስተር፣ እናስተካክላለን። ብየዳ፣ ፒኖቹን ስናቀያይር መስመሩ ሽቅብ መሄዱን ተወ! አመላለሱ ግን አሁንም ቀርፋፋ ነው፣ ፊልሙን እንደገና እንሠራለን። የክረምቱንስ እርጥበት ምን እናድርገው?

ብየዳ ፒያሳ፦
ፍጹም ቁጥሩን እርሱት። ያለፉትን 20 ሰከንዶች አማካይ ከእያንዳንዱ ንባብ ቀንሱና ከዜሮ ወደ ላይ ያለፈበትን ጊዜ ብቻ ቁጠሩ። ኦፕአምፑን ካጣችሁ ከድሮ ቦርድ የነቀልኩት አለኝ፣ በውስጥ ጻፊልኝ።