ኩልል ያለ ውሃ በረኪና ሲነካው ለምን ይደፈርሳል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ናችሁ። ገላን ተከራይተን ነው የምንኖረው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ አከራያችን ካስቆፈሩት ጉድጓድ እንቀዳለን። ሲቀዳ ኩልል ያለ ነው። እሁድ የእናቴን ነጠላ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ ሁለት ክዳን በረኪና ጨመርኩበት። ቡና አፍልቼ ስመለስ ውሃው ዝገት መስሏል፣ ነጠላው ደግሞ የሻይ ማጥለያ። በረኪናው ፎርጅድ ነው ብዬ ሌላ ገዛሁ፤ ያው ነው። እማዬ ገና አላየችም። ምን ጉድ ነው?

የሰበታው መምህር፦
ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በረኪናውን አትሚው፤ ውሃሽ ብረት አለበት። መሬት ውስጥ ኦክስጅን ስለሚያንስ ብረቱ አይረን ቱ (ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው ብረት) ሆኖ ሟሙቶ ይቀመጣል፣ በዓይን አይታይም። የበረኪናው ሃይፖክሎራይት ኤሌክትሮን ነጣቂ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ሲወስድበት አይረን ስሪ (ሦስት የጎደለው) ይሆናል። እሱ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ቡናማ አተላ ሆኖ ጨርቅ ላይ ይለጠፋል። ክሎሪኑ ክሎራይድ ሆኖ ያርፋል፣ ጨው ውስጥ ያለው ማለት ነው። አየርም ይህንኑ ይሠራል፣ ግን ቀስ ብሎ። ባልዲ ሞልተሽ ክፍቱን አሳድሪና ጠዋት እዪው።

ሃሎጅኖች (የክሎሪን ቤተሰብ ማለት ነው) ከፍሎሪን ወደ ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ አዮዲን ሲወርዱ ኤሌክትሮን ንጥቂያቸው ይደክማል። አዮዲን ጋ ጭራሽ ይገለበጣል፤ አይረን ስሪ ራሱ ከአዮዳይድ ኤሌክትሮን ይነጥቅና አዮዲን ያደርገዋል። ክፍል ውስጥ ሳሳይ አዮዲን ሲነካው ቀለሙ የሚቀየረውን ስታርች ጠብ አደርግበታለሁ፤ ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን የኋላ ወንበር ተኝተው የነበሩት ሁሉ ይነቃሉ።

የቱሉ ዲምቱው፦
የኛ ውሃ ሻይ ያጠቁራል። ቅጠሉን ነበር የምንረግመው።

የሰበታው መምህር፦
የሻዩ ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ነው። ጥቁር አተላ ካያችሁ ግን ማንጋኒዝ የሚባለው ሌላ ብረታ ብረትም ሊኖር ይችላል።

እትዬ፦
ልጄ፣ ነጠላ በበረኪና? ጥለቱስ? ሎሚና ጨው ቀቢና ፀሐይ ላይ አስጪው።

የሰበታው መምህር፦
እትዬ ልክ ነዎት። የሎሚው አሲድ ብረቱን ይዞ ያሟሟዋል። ብቻ በረኪናው ሙልጭ ብሎ ሳይለቅ ሎሚ እንዳይነካው! ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል።

ጠያቂዋ፦
አምስት ውሃ አለቃለቅኩት፣ ከዚያ ሎሚውን ሦስቴ ደጋገምኩ። ጥለቱ ሥር አንዲት ነጠብጣብ ቀርታለች። እማዬ ምንድን ነው ስትለኝ «ቡና» አልኳት።