«ደስታ መለመን ቅንጦት ነው» ይባላል እንዴ? (ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በሰፈር ስም ነው።)

ሰባ ደረጃ፦ ትናንት ፒያሳ አንድ ጉባኤ ላይ ሰባኪው ምን አለ መሰላችሁ? «አገር እያለቀሰ ደስታ መለመን ቅንጦት ነው፤ ትዕግሥት ለምኑ።» ደሜ ነው የፈላው። አጠገቤ የነበሩ እናት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። እጃቸውን ዘርግተው ይጸልዩ ነበር። ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ሰብስበው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። እሳቸው ናቸው ቅንጦተኛ?

አራት ኪሎ፦ ንግግሩን ቆርጠህ አታምጣ። እኔም ነበርኩ። «የጎረቤታችሁ ድንኳን ሳይነሳ» ብሏል። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላም ልጁን የቀበረ ስንት ቤት አለ! እነሱ እየሰሙኝ «ጌታ ሆይ ደስ አሰኘኝ» ማለት ይከብደኛል።

ዶሮ ማነቂያ፦ ታዲያ ሙሴን ምን ልትለው ነው? ዳዊት 89 ላይ ያለው ጸሎት የሱ ነው። መከራ ባየንበት ዘመን ፈንታ ደስ አሰኘን ብሎ ለምኗል። 40 ዓመት በረሃ ለበረሃ የተንከራተተ ሰው!

ራስ መኮንን ድልድይ፦ 90 ነው እንጂ 89 አይደለም።

ዶሮ ማነቂያ፦ በግዕዙ ዳዊት 89 ነው። አያቴ ሲደግሙት ነው ያደግኩት።

ራስ መኮንን ድልድይ፦ መጽሐፍ ቅዱሴ ፊቴ ተገልጧል። 90።

ሰባ ደረጃ፦ ኧረ ቁጥሩን ተዉት! ጸሎቱ እንደሆነ አንድ ነው።

አራት ኪሎ፦ ሙሴ ለሕዝቡ ነው የለመነው። የእኔ ቅሬታ የየራሳችንን ብቻ ስንለምን ነው።

ጊዮርጊስ ጎን፦ እኔ ልናገር። እናቴን ለዓመታት አስታምሜ ቀበርኳት። ጥቁሬን ያስወለቁኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ቡና አፍልተው፣ ነጭ ነጠላ ይዘው መጡ። «በቃሽ፤ ከእንግዲህ እግዜር ደስታ ያሳይሽ» አሉኝ። ከመካከላቸው አንዷ ራሷ ሐዘንተኛ ነበረች። እሷም ተቀናጣችብኝ ልበል?

ደግሞስ ቤተ ክርስቲያን 55 ቀን አስጹማን፣ ከፋሲካ በኋላ 50 ቀን አትጹሙ ትለን የለ? በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይፈሰካል፤ ስግደትም የለም። በፋሲካው ሰላምታ «ኮነ» (ሆነ) ሲባል «ፍሥሐ ወሰላም» (ደስታና ሰላም) ብለን እንመልሳለን። ያኔ አገሩ ሁሉ ለቅሶውን ጨርሶ ነው?

አራት ኪሎ፦ ለእናትሽ ነፍስ ይማር። ግን ፋሲካ ለሁሉም እኩል ነው የሚመጣው። የኑሮ ደስታ እንደዚያ አይደለም። እኔ ቤት እልልታ፣ ግድግዳ ተሻግሮ ዋይታ።

ዶሮ ማነቂያ፦ የቱ ግድግዳ? ሰፈራችን በ2016 ፈርሶ ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበትኗል። ሐዘን የሚያስወጣን ሰው ጠፍቶ ነው ወደ ላይ የምንጮኸው።

ራስ መኮንን ድልድይ፦ ይሄን ምን አመጣው? ሰፈሩ እኮ ጭቃ ነበር። አሁን መንገዱ አምሯል።

ዶሮ ማነቂያ፦ መንገዱ ለቅሶ አይደርስልኝም!

ሰባ ደረጃ፦ ወደ ጉዳያችን። ትዕግሥትም ይለመን፣ ማን ከለከለ። የደከመችን እናት እጅ ማስሰብሰብ ግን ጭካኔ ነው። እሑድ ሰባኪውን ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ።

አራት ኪሎ፦ ጠይቀው። እኔም እመጣለሁ፤ የምቆመው ግን ከሱ ጎን ነው።

ጊዮርጊስ ጎን፦ እኔም አለሁ። እኚያን እናት ካገኘኋቸው አጠገባቸው ነው የምቆመው።