መድፉ ሲተኮስ ጆይስቲኩ ይቋረጣል፤ የዩኤስቢ ችግር ነው ወይስ የአምፕሊፋየሩ?

ሰላም፣ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። በዲሲኤስ (የበረራ ሲሙሌተር ጌም) ኤ-10ሲ አውሮፕላን ላይ መድፉ 1 ሰከንድ ያህል እንደተተኮሰ ጆይስቲኩ ከኮምፒውተሩ ይቋረጥና ከ3 ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ይገናኛል። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ እየወረደ ስለሆነ በዚያች ክፍተት መሬት ይመታል።

ከወንበሩ ስር ባለ4 ኦም፣ ባለ50 ዋት 2 ቤዝ ሼከሮች (ዝቅተኛ ድምፅን ወደ ንዝረት የሚቀይሩ) ታስረዋል። የሚነዳቸው ክላስ ዲ አምፕሊፋየር ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ 24 ቮልት፣ 3 አምፔር። ድምፁ የሚመጣው ከተለየ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ነው። መድፉ በደቂቃ 3900 ጥይት ስለሚተኩስ ንዝረቱን 65 ኸርዝ ላይ አድርጌዋለሁ። የፍላፕና የጎማ ንዝረት ምንም አያደርገውም።

ኬብል ቀይሬያለሁ፣ ፖርት ቀይሬያለሁ፣ የዊንዶውስን የዩኤስቢ ኃይል ቁጠባም ዘግቻለሁ። ሼከሮቹን ከወንበሩ ፈትቼ ወፍራም ስፖንጅ ላይ ሳስቀምጣቸው ወንበሩ ጭራሽ ሳይነቃነቅ ጆይስቲኩ ተቋረጠ። ሽቧቸውን ከአምፕሊፋየሩ ስነቅል ግን ችግሩ የለም። ስለዚህ የላላ ሶኬት አይመስለኝም።

የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። 72 ዋት ብቻ የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ሁለቱም ሼከሮች ሙሉ ኃይል ሲስቡ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ረብሻውም በሳውንድ ካርዱ ግራውንድ በኩል ወደ ዩኤስቢው ይገባል። ወይም ደግሞ የሼከሩ ሽቦ ከጆይስቲኩ ኬብል ጋር 40 ሳንቲሜትር ያህል ጎን ለጎን መሄዱ ነው፤ ይህን ገና አልለየሁትም።

ባለ6 አምፔር ሰፕላይ ከመግዛቴ በፊት ፌራይት (ኬብል ላይ የሚገጠም የረብሻ ማፈኛ) ልሞክር? የግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር (በግራውንድ በኩል የሚያልፈውን ረብሻ የሚቆርጥ) በድምፅ መስመሩ ላይ የገጠመ ካለስ፣ ከ30 ኸርዝ በታች ያለውን ንዝረት ምን ያህል ቀነሰባችሁ? ርካሾቹ ዝቅተኛውን ቤዝ ስለሚቆርጡ ያ ያሳስበኛል።