«ጥሬ ቡና መላክ ባርነት ነው» ለሚሉት

ፈረሱላ፦ ትናንት በሬዲዮ ውይይት አንድ እንግዳ «ጥሬ ቡና መላክ ባርነት ነው፤ ከእንግዲህ ቆልተን ብቻ እንላክ» አሉ፤ አንድም ሰው አልሞገታቸውም። እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ ላይ የደረሰ ጥሬ ቡና በደንብ ከተያዘ ዓመት ይቆያል። የተቆላው ግን በሳምንታት ውስጥ መዓዛው ይሸሻል። ከጅቡቲ ሃምቡርግ በሰላሙ ጊዜ ወር ገደማ ነው፤ መርከቡ ቀይ ባሕርን ትቶ በደቡብ አፍሪካ ከዞረ ሁለት ሳምንት ገደማ ይጨመርበታል። ምኑ ሊጠጣ ነው?

ጀበና፦ እንግዳው «ባርነት» ያሉት ስሌቱን አይተው ነው። ለ1 ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና 6 ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ይለቀማል። ሲቆላ ከ15 እስከ 20 በመቶ ክብደቱ ይጠፋል። ለሲኒ 8 ግራም ቢገባ፣ የቀረው 100 ሲኒ ይወጣዋል። የ100 ሲኒ ዋጋ አውሮፓ ውስጥ ስንት ነው? ለቃሚዋስ ስንት ደረሳት? ጀርመን አንድ እግር ቡና ሳይኖራት የተቆላ ቡና ወደ ውጭ ትሸጣለች!

ፈረሱላ፦ የሲኒው ዋጋ ውስጥ የቤት ኪራይ፣ ደመወዝና ወተት አለ። አዲስ አበባ ስለተቆላ ያ ገንዘብ ይርጋጨፌ አይገባም።

ወንፊት፦ ቀረጡንም አንሱት እንጂ። አውሮፓ ጥሬውን በነፃ ያስገባል፤ የተቆላው ላይ 7.5 በመቶ ይጥላል። ጀርመን ደግሞ በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር አላት። በሩን ሆን ብለው ነው የዘጉት።

መጋዘን፦ ወንፊት፣ 7.5 በመቶው እኛን አይነካም። እንደ እኛ በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም ከቀረጥ ነፃ ነው። 2.19 ዩሮውን የጀርመን ቆላዮችም ይከፍሉታል። በሩ ክፍት ነው፤ የጎደለው ከረጢቱ ነው። የተቆላ ቡና ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙን አስወጥቶ አየር የማያስገባ ቫልቭ ከሌለው ከረጢቱ ተነፍቶ ይፈነዳል። ጋዙ እስኪወጣ ክፍት ካስቀመጥከው ደግሞ ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

ጀበና፦ «በሩ ክፍት ነው»? ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የገዛ ስሞቻችንን አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ስናመለክት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ከአሜሪካው የቡና ቤት ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተስማማነው በ2007 (እ.ኤ.አ.) ነው። በስማችን ለመጠቀም ይህን ያህል መታገል ካለብን በሩ የት ጋ ነው የተከፈተው?

መጋዘን፦ እሱ የስም ጉዳይ ነው፤ እኔ ስለ ቀረጥ ነው ያወራሁት።

ወንፊት፦ የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕጉስ? ተግባራዊነቱ ደጋግሞ ቢገፋም አልተሰረዘም። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ደን ባልተመነጠረበት መሬት የበቀለ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ለየማሳው የመገኛ ነጥብ (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ከነ6 የአስርዮሽ አሃዙ፣ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ። አንድ እሸት ማጠቢያ ከመቶዎች ገበሬዎች ይረከባል፤ ሁሉም በአንድ ገንዳ ይብላላል። የአንዱ ማሳ መረጃ ከጎደለ ሎቱ (አብሮ የሚሸጠው ጭነት) በሙሉ ይወድቃል። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ይህን በምን አቅሙ?

ፈረሱላ፦ ሕጉ የተቆላውንም ይጨምራል። ስለዚህ መቁላት አያስመልጥም፤ ለእንግዳው መልሱ ይኸው ነው።

ጀበና፦ ማን ያስመልጣል አለ? ዋጋው ኒው ዮርክ የሸቀጥ ገበያ ተቆርጦ፣ ሕጉ ብራስልስ ተጽፎ ይመጣል ነው የምለው። ለዚህ «ባርነት» ካልተባለ ምን ይባል?

መጋዘን፦ «ጥገኝነት» በለው። ባርያ ቡናውን አይሸጥም።

ጀበና፦ ዋጋ ወድቆበት እሸቱን በኪሳራ ያስረከበ ገበሬ ጋ ሄደህ ልዩነቱን አስረዳው።